ሦስቱ ፍሬ ካለቀ በኋላ

በጅማ ከተማ ለነዋሪዎች የቀረበ የመድኃኒት አጠቃቀም ንግግር፣ በጽሑፍ

እንደምን አደራችሁ፣ አካም ቡልተን።

ፋርማሲ ደጃፍ ላይ ስሙ ሳይጠራ የሚጠየቅ መድኃኒት አለ። «ያ ባለ ሦስት ፍሬው» ይባላል፤ ሻጩም ገዢውም ይግባባሉ። አዚትሮማይሲን ነው። ባለ 500 ሚሊ ግራሙ በቀን አንድ ፍሬ ይዋጥና በሦስተኛው ቀን ያልቃል። አሞክሳሲሊንን በቀን ሦስት ጊዜ እያስታወሱ ሳምንት ሙሉ ከመዋጥ ጋር ሲያስተያዩት እፎይ ያሰኛል። ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ነው፤ ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ መድኃኒቱም ትንሽ ይመስላል።

ትንሽ አይደለም። አዚትሮማይሲን በሰውነት ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ ለመቀነስ 68 ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ሦስት ቀን ሊሞላ ጥቂት ሰዓት ሲቀረው ማለት ነው። ከዚያ የቀረው ደግሞ እንደገና በግማሽ፣ እንደገና በግማሽ እያለ ተሟጦ እስኪወጣ ሁለት ሳምንት ገደማ ይሄዳል። በደም ውስጥ ብዙም አይቆይም፤ ሳንባ፣ ቶንሲልና ሌሎች ሥጋዎች ውስጥ ገብቶ ይከማችና ቀስ እያለ ይለቀቃል። ሦስት ቀን ውጠን የሚበቃን ለዚህ ነው። ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ የዋጠ ሰው በሚቀጥለው ሰኞም መድኃኒት ላይ ነው። ዛሬ የምንነግራችሁ ማስጠንቀቂያ አብዛኛው ከዚህ አንድ ነገር የሚመዘዝ ስለሆነ ይህን ያዙልን።

በቅድሚያ ቤተሰቡን እናስተዋውቅ። ማክሮላይድ የሚባሉት መድኃኒቶች እዚህ አገር በብዛት የሚታወቁት ሦስት ናቸው፤ ኤሪትሮማይሲን፣ ክላሪትሮማይሲንና አዚትሮማይሲን። ታላቁ ኤሪትሮማይሲን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1952 ከፊሊፒንስ በተወሰደ አፈር ውስጥ ከነበረ ባክቴሪያ የተገኘ። ስማቸው በ«ማይሲን» ስላለቀ ብቻ ዘመድ የሚመስሉ ግን ያልሆኑ አሉ፤ ጄንታማይሲን፣ ክሊንዳማይሲን፣ ቫንኮማይሲን። «ማይሲን የሚባል ነገር አይስማማኝም» ብሎ መናገር ለሐኪሙ ምንም አይነግረውም። ሙሉ ስሙን ወይም ባዶ ማሸጊያውን ይዛችሁ ሂዱ።

አሠራራቸው አንድ ነው። ባክቴሪያው ፕሮቲን የሚሠራበትን ክፍል፣ ራይቦዞሙን፣ ይዘው ሥራ ያስፈቱታል። ባክቴሪያው መራባት ያቆማል፤ የቀረውን የሰውነታችን መከላከያ ይጨርሳል። ቫይረስ የራሱ ራይቦዞም የለውም። ስለዚህ ጉንፋን ላይ የሚይዙት ነገር አያገኙም። በኮሮና ጊዜ አዚትሮማይሲን በየቤቱ ይዋጥ እንደነበር ታስታውሳላችሁ፤ በኋላ በሰፊው ሲጠና ለሕሙማኑ አንዳች ጥቅም አላሳየም። ለጉንፋን ሳል ዕድሜው ከአንድ ዓመት ላለፈ ልጅ ማንኪያ ማር ከሦስቱ ፍሬ ይሻላል፤ የጌራ ማር ደጃችን ላይ እያለ ወረፋ መያዝ ምን አመጣው? ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን ማር አይሰጥም።

ታዲያ መቼ ይታዘዛል? ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ቶንሲሉ በባክቴሪያ ሲያብጥ፣ የሳንባ ምች በተለመደው አሞክሳሲሊን ብቻ አይሸፈንም ተብሎ ሲታሰብ፣ ለትክትክ፣ ለአንዳንድ የአባላዘር በሽታዎች፣ ለትራኮማ፣ ለኮሌራም ይታዘዛል። መጠኑና ቀኑ እንደ በሽታው ይለያያል። ለኮሌራ አዋቂ 1 ግራም በአንድ ጊዜ ሊወስድ ይችላል፤ እዚያም ቢሆን ነፍስ የሚያተርፈው ኦአርኤሱና በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ነው። ለታይፎይድ ሲታዘዝ ከ5 እስከ 7 ቀን ነው። ጎረቤት ለቶንሲል በሦስት ቀን ጨረሰ ተብሎ የታይፎይዱን በሦስተኛው ቀን ማቆም ግማሽ መንገድ ላይ መውረድ ነው።

ታይፎይድን ካነሳን አይቀር፤ በዚህ ከተማ ትኩሳት ያለበት ሰው ሁሉ «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ተብሎ ሲወጣ እናያለን። ዊዳል የሚባለው የደም ምርመራ አንድ ጊዜ ብቻ ተሠርቶ ታይፎይድን አያረጋግጥም፤ ቀድሞ የነበረ ሕመም ወይም ሌላ ኢንፌክሽን ትቶት ባለፈው ነገርም ፖዘቲቭ ሊል ይችላል። ታይፈስ ደግሞ ሌላ በሽታ ነው፤ የሚታከመውም በዶክሲሳይክሊን ነው። ውጤቱን ስትቀበሉ «የወባ ምርመራው ምን አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት አንቲባዮቲኮችን በሦስት ሲከፍል አሞክሳሲሊንን በመጀመሪያ ከሚሰጡት፣ ሦስቱን ማክሮላይዶች ደግሞ በጥንቃቄ ከሚጠበቁት ወገን አድርጓቸዋል። «ጠንከር ያለ ስጠኝ» የሚል ሰው አዚትሮማይሲንን ከአሞክሳሲሊን በላይ አድርጎ ያያል። ጠንካራና ደካማ የሚባል ደረጃ ግን የለም፤ ለዚያ ባክቴሪያ የሚሆንና የማይሆን ነው ያለው።

አሁን ወደ ልብ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆያለን።

ልብ አንዴ ከመታ በኋላ ለቀጣዩ ምት ኤሌክትሪኩን መልሶ ይሞላል። ማክሮላይዶች ይህን የመሙያ ጊዜ ሊያስረዝሙት ይችላሉ። የልብን ኤሌክትሪክ በሚመዘግበው ምርመራ፣ በኢሲጂ፣ ወረቀት ላይ ይታያል። ከልክ በላይ ሲረዝም ምቱ ይዛባል፤ ሰው በድንገት ራሱን ሊስት፣ ሊሞትም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ የወጣ ትልቅ ጥናት አዚትሮማይሲን ከወሰዱ ሰዎች መካከል በየ1 ሚሊዮኑ የአምስት ቀን ሕክምና 47 ያህል ተጨማሪ የልብ ሞት ገምቷል። በማግስቱ ዓመት የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ማስጠንቀቂያ አወጣ። ለጤነኛ ሰው ይህ እጅግ ትንሽ ቁጥር ነው። ጉዳቱ የሚከማቸው ልባቸው ቀድሞ በታመመ ሰዎች ላይ ነው። ስለዚህ የልብ ድካም ያለበት፣ ምቱ የሚዛባ፣ በቤተሰቡ ወጣት ሆኖ በድንገት የሞተ ያለ፣ ለእብጠት ወይም ለደም ግፊት ላሲክስ የሚወስድ ሰው ማዘዣው ከመጻፉ በፊት ይናገር። ላሲክስ ፖታሲየምን በሽንት ያስወጣል፤ ብርቱ ተቅማጥም እንደዚያው። ፖታሲየም ያነሰው ልብ ላይ ማክሮላይድ ሲጨመር ነው ነገሩ የሚከፋው።

እዚህ ላይ ወባ ይገባል። ከግልገል ጊቤ ግድብ ዙሪያ ወይም ከቆላው ወረዳ የሚመጣ ሰው አንድ ሳምንት ውስጥ ሁለቱንም መድኃኒት ሊውጥ ይችላል። ኮአርተም ውስጥ ያለው ሉመፋንትሪን፣ ቫይቫክስ ለሚባለው የወባ ዓይነት የሚሰጠው ክሎሮኪንም የልብን የመሙያ ጊዜ የሚነኩ ናቸው፤ ሁለቱም በሰውነት ውስጥ ይሰነብታሉ። «ሦስቱን ፍሬ ያለፈው ሳምንት ስለጨረስኩ አልቋል» ብሎ መተው የማይገባው ለዚህ ነው። ያለቀው ማሸጊያው ነው። ነገር ግን ተጠንቀቁ፤ ወባ ተገኝቶባችሁ ሳለ በዚህ ፍርሃት የወባውን መድኃኒት እንዳታቆሙ። ወባ ቀን አይሰጥም። መደረግ ያለበት ማሳወቅ ብቻ ነው፤ ሐኪሙ ይመዝናል፣ ልቡ ለሚያሰጋው ኢሲጂ ያስነሳል፣ ወይም አንቲባዮቲኩን በሌላ ይለውጣል።

በዚሁ ልብን በሚነኩት ዝርዝር ውስጥ ሌሎችም አሉ፤ ለማስታወክ ማቆሚያ የሚሰጠው ኦንዳንሴትሮን፣ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን፣ አሚትሪፕቲሊን፣ ለፈንገስ የሚዋጠው ፍሉኮናዞል፣ መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ የሚሰጠው ቤዳኩሊን። ሁሉንም ማስታወስ አይጠበቅባችሁም። የምትወስዱትን ሁሉ በአንድ ፌስታል አድርጋችሁ ወደ ፋርማሲው ማምጣት ይበቃል።

ስለ ጫት ሳንናገር ጅማ ላይ ስለ ልብ ተናግረናል ማለት አይቻልም። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። በሕክምናው ቀናትና ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ብታቆዩት ልባችሁን ከሁለት አቅጣጫ አታስጨንቁትም። በተጨማሪም ጫት የአምፒሲሊንን፣ በመጠኑም የአሞክሳሲሊንን ወደ ደም መግባት ይቀንሳል፤ «አሞክሳሲሊን አልሠራልኝም» ከሚሉት አንዳንዶቹ ጫት እየቃሙ ውጠውት እንደሆነ ብንጠይቃቸው መልሱ ይገኛል። ቡናን በተመለከተ ግን የምሥራች አለን። ቡና እንዲሰነብትባችሁና እንቅልፍ እንዲነሳችሁ የሚያደርገው ሲፕሮፍሎክሳሲን ነው እንጂ አዚትሮማይሲን አይደለም። ሦስቱን ሲኒ ጠጡ፤ ፍሬውን ግን በሙሉ ብርጭቆ ውሃ ዋጡት።

ኤሪትሮማይሲንና ክላሪትሮማይሲን ሌላ ጠባይ ይጨምራሉ፤ አዚትሮማይሲን በዚህ በኩል ረጋ ያለ ነው። ሁለቱ ጉበት ውስጥ ሌሎች መድኃኒቶችን የሚሰባብረውን ኢንዛይም ያግዱታል። ያኔ የለመዳችሁት መድኃኒት መጠኑ ሳይጨመር በደም ውስጥ ይጨምራል። ለሚጥል በሽታ ካርባማዜፒን የሚወስድ ሰው ክላሪትሮማይሲን በጀመረ በጥቂት ቀን ውስጥ ራሱ ይዞራል፣ አንዱ ሁለት ሆኖ ይታየዋል፣ እንደ ሰከረ ይንገዳገዳል። ለኮሌስትሮል ሲምቫስታቲን የሚወስድ ጡንቻው ሊሟሟ፣ ሽንቱም እንደ ኮካ ሊጠቁር ይችላል። ሲምቫስታቲኑ ለእነዚያ ቀናት ይቆማል። ለግፊት አምሎዲፒን የሚወስዱ አረጋውያን ግፊታቸው ወርዶ ሊወድቁ ይችላሉ። ግሊበንክላማይድ የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ በክላሪትሮማይሲን ላይ ስኳሩ ሊወርድበት ስለሚችል ከረሜላ ከኪሱ አይለይ፤ ምግብም አይዝለል። ለማይግሬን ኤርጎታሚን ያለበትን መድኃኒት ከእነዚህ ጋር መዋጥ ጨርሶ አይፈቀድም፤ የእጅና የእግር ደም ሥር እስኪዘጋ ይጨመድዳል። ዋርፋሪን፣ ዲጎክሲንና ኮልቺሲንም መነገር ያለባቸው ናቸው።

ክላሪትሮማይሲን እዚህ ከተማ በብዛት የሚዋጠው ለጨጓራ ባክቴሪያ ነው። 500 ሚሊ ግራም ጧትና ማታ፣ ከአሞክሳሲሊን 1 ግራም ጧትና ማታ፣ ከኦሜፕራዞል ጧትና ማታ ጋር፣ ለ14 ቀን። አፍን እንደ ብረት ያመርራል፤ ሆድን ያናጋል። በአምስተኛው ቀን ቃጠሎው ሲበርድ ብዙ ሰው ያቆመዋል። ቃጠሎውን ያበረደው ግን ኦሜፕራዞሉ ነው፤ ባክቴሪያው ገና እዚያው ነው። ይህ ሕክምና ከዛሬው ርእሳችን ጋር ያለው ዝምድና ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው። ባክቴሪያ አንዱን ማክሮላይድ ሲላመድ ሌሎቹንም አብሮ ይላመዳል። ሦስቱ ፍሬ ተሟጦ እስኪወጣ ሁለት ሳምንት ገደማ ይሄዳል ብለናል፤ ጅራቱ ረጅም ነው፤ ከመጨረሻው ፍሬ በኋላ ባሉት ቀናት የማይገድል ግን የሚያስተምር ትንሽ መጠን በጉሮሮና በአንጀት ይቆያል። ደካማው ይሞታል፤ መላ ያገኘው ይተርፋል፣ ይራባል። በየጉንፋኑ አዚትሮማይሲን ሲውጥ የኖረ ሰው ከዓመታት በኋላ ጨጓራው ሲታመም ክላሪትሮማይሲኑ አልሠራ ቢለው ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል። ለጨጓራ ስትታከሙ «ከዚህ በፊት አዚትሮማይሲን ወስጄ ነበር» በሉ፤ ሐኪሙ ሌላ ጥምረት ሊመርጥ ይችላል። ባክቴሪያው ለመጥፋቱ የሰገራ ምርመራ ሲሠራ አንቲባዮቲኩ ከቆመ 4 ሳምንት፣ ኦሜፕራዞሉ ከቆመ 2 ሳምንት ሊሞላው ይገባል። የደም ምርመራው ድሮ የነበረውንም ስለሚያሳይ ለዚህ አይሆንም።

ወደ ልጆች ሽሮፕ እንለፍ፤ ስህተት የሚበዛው እዚህ ነው።

ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ደረቅ ዱቄት ነው። መጀመሪያ ሳይከፈት ነቅነቅ ይደረግና ዱቄቱ ከግርጌው ይላቀቃል። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ እስከ ምልክቱ ግማሽ ያህል ይጨመራል፣ በደንብ ይመታል፣ አረፋው እስኪተኛ ይጠበቃል፣ ከዚያ እስከ ምልክቱ ይሞላል። ፍል ውሃ አይጨመርም። አረፋው ሳይተኛ የሞላ ሰው ውሃው ስለሚያንሰው ሽሮፑ ይወፍራል፤ ልጁ ከታዘዘለት በላይ ይወስዳል። ብትችሉ ፋርማሲው ውስጥ እንዲበጠብጡላችሁ ጠይቁ።

ቀጥሎ ልኬቱ ነው። የተለመደው በኪሎ 10 ሚሊ ግራም፣ በቀን አንድ ጊዜ፣ ለ3 ቀን ነው። 12 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 120 ሚሊ ግራም ይደርሰዋል። ጠርሙሱ ላይ 200 ሚሊ ግራም በ5 ሚሊ ሊትር ከተጻፈ ይህ 3 ሚሊ ሊትር ነው። 100 ሚሊ ግራም በ5 ሚሊ ሊትር ከሆነ ግን 6 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ያለፈው ጊዜ 3 ነበር ብላችሁ ዛሬም 3 ብትሰጡ፣ ጠርሙሱ ተለውጦ ከሆነ ግማሹን ብቻ ሰጣችሁ። የቤት ማንኪያ ልኬት አይደለም፤ የአንዱ ቤት የሻይ ማንኪያ ከሌላው ቤት አይመሳሰልም። መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ጠይቁ። ሁልጊዜ ከመስጠት በፊት ነቅንቁ፤ መድኃኒቱ ይዘቅጣል።

«አንቲባዮቲክ እስኪያልቅ ይወሰድ» የሚለው ምክር እዚህ ላይ ሰውን ያሳስታል። ባለ 15 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ፣ በ5 ሚሊ ሊትር 200 ሚሊ ግራም ያለው፣ በጠቅላላው 600 ሚሊ ግራም ይይዛል። ያ ባለ 12 ኪሎ ልጅ በሦስት ቀን የሚጠጣው 9 ሚሊ ሊትር ነው። 6 ሚሊ ሊትር ይተርፋል፤ መትረፍም አለበት። የሚያልቀው ቀኑ ነው እንጂ ጠርሙሱ አይደለም። የተረፈውን ለታናሹ ማስቀመጥ አይቻልም፤ ከተበጠበጠ በኋላ ዕድሜው እንደየአምራቹ ከ5 እስከ 10 ቀን ነው። የተበጠበጠበትን ቀን ጠርሙሱ ላይ ጻፉ። የክላሪትሮማይሲን ሽሮፕ ፍሪጅ ውስጥ አይገባም፤ ይጓጉላል፣ ይመርራል፣ ልጁም ይተፋዋል።

ልጁ ከጠጣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቢያስመልስ ብዙውን ጊዜ ይደገማል፤ ከዚያ በላይ ከቆየ አይደገምም። የተረሳ መጠን በዚያው ቀን ሲታወስ ይሰጣል፤ በማግስቱ ሁለት አይደረብም። ገና በተወለዱ ሳምንታት ላይ ላለ ጨቅላ ኤሪትሮማይሲንም ሆነ አዚትሮማይሲን ሐኪም አስቦበት ካልሆነ አይሰጥም። ከጨጓራ የሚወጣው በር ሊጠብበት ይችላል፤ ምልክቱ ጡት በጠባ ቁጥር እየተስፈነጠረ የሚወጣ ትውከት ነው።

ለትራኮማ በየቀበሌው በዘመቻ የሚታደለው አዚትሮማይሲን ከዚህ ይለያል። አንድ ጊዜ ብቻ ይሰጣል፤ መጠኑም በቁመት መለኪያ እንጨት ይወሰናል። ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ነው የሚሰጠው። ትንሽ ልጅ እያለቀሰ ፍሬ በግድ አይዋጥለትም፤ ሊያንቀው ይችላል፣ ሽሮፕ ይጠየቅለት። በዚያው ሰሞን ከፋርማሲ አዚትሮማይሲን የወሰደ ካለ ለሚያድሉት ይነገራቸው።

ነፍሰ ጡር ለሆነች ሴት አስፈላጊ ሲሆን አዚትሮማይሲን ይታዘዛል። ክላሪትሮማይሲን የመጀመሪያ ምርጫ አይደለም፤ የኤሪትሮማይሲን ኢስቶሌት የሚባለው ዓይነት ደግሞ ጉበትን ስለሚጎዳ ይቀራል።

ሲዋጥ፦ የአዚትሮማይሲን ፍሬ ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይሆናል፤ ካፕሱሉ ግን ከምግብ 1 ሰዓት በፊት ወይም 2 ሰዓት በኋላ ነው። የጨጓራ ማስታገሻ፣ ያ ነጩ ፈሳሽ ወይም የሚታኘከው፣ በ2 ሰዓት ይራቅ። አንዳንዱ እሽግ ስድስት ባለ 250 ይዟል፤ ያን ጊዜ 500 የታዘዘለት ሰው በቀን ሁለት ነው የሚውጠው። «በቀን አንድ» የሚለውን የጎረቤት ምክር ተከትሎ ግማሹን የሚወስድ አለ። ፍሬ በነጠላ አትግዙ፤ የአገልግሎት ጊዜና የምርት ቁጥር የሌለው ቁራጭ ማሸጊያ ማን እንደሠራው አይታወቅም።

መቼ ነው ወደ ጤና ተቋም የሚሮጠው? ፊት ወይም ምላስ ሲያብጥ፣ ቆዳ ሲላጥ፣ ልብ ሲዘል ወይም ራስ ሲስት፣ ዓይን ቢጫ ሆኖ ሽንት ሲጠቁር፣ ደም ያለበት ተቅማጥ ሲመጣ። ተቅማጡ መድኃኒቱ ካለቀ ከሳምንታት በኋላ፣ እስከ ሁለት ወርም ሊመጣ ስለሚችል አንቲባዮቲክ መውሰዳችሁን ተናገሩ። አለርጂው ላይ ደግሞ የአዚትሮማይሲን ረጅም ጅራት እንደገና ይታያል። ሽፍታውና እብጠቱ በመርፌ በርዶ ሰውየው ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ፣ አንድም ፍሬ ሳይጨምር፣ ማስታገሻው ሲቆም ሊመለስበት ይችላል። መድኃኒቱ ገና ከሥጋው አልወጣምና። እንዲህ ያለ ሰው ለጥቂት ቀናት ብቻውን አይደር፤ ጤና ተቋም የሚያደርሰው ሰውና መኪና ይታሰብለት።

ሽሮፑ የተረፈባችሁ ምን ታደርጉታላችሁ? ፋርማሲው የሚቀበል ከሆነ መልሱ። ካልሆነ ወደ አዌቱ ወንዝም ወደ ሽንት ቤትም አትድፉት። የተፈላ ቡና አተላ በፌስታል ውስጥ አድርጉ፣ ሽሮፑን አፍስሱበት፣ ልጅም ውሻም እንዳያነሳው አሽታችሁ ቋጥሩትና ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ጣሉት። አተላ ደግሞ ጅማ ላይ አይጠፋም።